«ቤት ግቡ» ሲሉን የት እንግባ?

ስለ ኦዞንና ስለ አየር ጥራት ማስጠንቀቂያ ለደባርቅና ለዳባት ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት



ለደጋ ሰው ስለ አየር ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይመስላል። ከሊማሊሞ አፋፍ ቆሞ የማዶውን የተራራ ሰንሰለት የሚያይ ሰው «የአየር ብክለት የከተሜ ጣጣ ነው» ቢል አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ስልክ የያዛችሁ ሁሉ የአየሩን ሁኔታ ስትከፍቱ ከሙቀቱ ሥር አረንጓዴ ወይም ቢጫ፣ አንዳንዴም ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ ቁጥር ታያላችሁ። ዴንቨርና ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁም በሐምሌ ሲደውሉ «ዛሬ የኦዞን ማስጠንቀቂያ ስላለ ልጆቹን ከቤት አላስወጣንም» ይላሉ። ያ ቁጥር ምን ማለት ነው? ማስጠንቀቂያውስ እዚህ ቢነገር ይበጀናል? ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገናል፤ የሌላ አገሩ እንዳለ ተቀድቶ ከመጣ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ኦዞን ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚመክት ጋሻ። መንግሥታት በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተስማሙት ያን ጋሻ ለማዳን ነበር። ያ ትምህርት አሁንም ልክ ነው። ነገር ግን ሦስት የኦክስጅን አተሞች የተጣመሩበት ያው ጋዝ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገኝ ሌላ ጠባይ አለው። ላይ ሆኖ ቆዳችንን ያድናል፣ ታች ወርዶ ሳንባችንን ይቆጠቁጣል።

ይህ የታችኛው ኦዞን ከየትም ጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። የሚሠራው እንደ ጠላ ነው፤ ጌሾው ብቻውን ጠላ አይደለም፣ ብቅሉም አይደለም፤ ተገናኝተው ጊዜ ሲያገኙ ነው ጠላ የሚሆኑት። ለኦዞን አንደኛው ግብዓት ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው፤ ከናፍጣ መኪና፣ ከጄኔሬተር፣ ከሰደድ እሳት፣ ከመብረቅም ሳይቀር ይመጣል። ሁለተኛው በቀላሉ የሚተኑ የካርቦን ውህዶች ናቸው፤ ከቤንዚን፣ ከቀለም፣ ከማገዶ ጭስ ይነሣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሚቴንም ይጨመሩበታል። የምትጠምቀው ፀሐይ ናት። ስለዚህ ኦዞን ጧት ጥቂት ሆኖ ይጀምርና ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። በክረምት ደመናው ሲከብድ ይቀንሳል፤ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው የበጋ ቀን ይጨምራል። ደግሞም የተጠነሰሰበት ቦታና የሚበዛበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከከተማ የተነሣው ጭስ በነፋስ እየተነዳ ሳለ ስለሚብላላ ከከተማው መሀል ይልቅ ነፋሱ የሚያመራበት ገጠር ይብስበታል። ዴንቨር ላይ በየበጋው የሚታየው ይኸው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ የከተማውን ጋዝ ወደ ተራራው ግርጌ ይወስደዋል። ጎንደር ዴንቨር አይደለችም፤ የመኪናዋ ብዛት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም የተራራ ግርጌ ነዋሪ ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

እዚህ ላይ ባህር ዛፋችንን ሳላነሣ አላልፍም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኝ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ በብዛት ከሚለቁ ዛፎች አንዱ ነው። አይሶፕሪን ለኦዞን ጥሩ ግብዓት ይሆናል። ይህን ሰምታችሁ መጥረቢያ እንዳታነሡ አደራ። በእኛ ብርድ ልቀቱ ይቀንሳል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በሌለበት ደግሞ ዛፉ ብቻውን ኦዞን አያበዛም። ነገሩ የሚለወጠው የጭነት መኪናው ጥቁር ጭሱን እያግተለተለ በባህር ዛፍ መሀል ሽቅብ ሲያዘግም ነው፤ ያኔ ሁለቱ ይገናኛሉ።

ይህን ጠመቃ ዓለም ያወቀው በሎስ አንጀለስ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ከተማይቱን ጉም መሰል ነገር ሸፈናት፤ የሰው ዓይን አነባ፣ ጉሮሮ ከረከረ። ጊዜው የጦርነት ስለነበር ጃፓን መርዝ የለቀቀች የመሰላቸውም ነበሩ። ከዓመታት በኋላ የአናናስን ሽታ ሲያጠና የነበረ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ምሁር የመኪናና የነዳጅ ማጣሪያ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ኦዞን እንደሚሆን አሳየ። የመኪና ኩባንያዎችና የነዳጅ ባለሀብቶች በቀላሉ አልተቀበሉትም። ከተማይቱ ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ኦዞን ከልኩ ሲያልፍ ለሕዝብ የሚነገር ደረጃ በደረጃ ማስጠንቀቂያ አወጣች። ዛሬ ዘመዶቻችን በስልክ የሚነግሩን ነገር ዘሩ ከዚያ ነው።

ኦዞን ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባው ጥግ ይዘልቃል። እዚያ ሲደርስ የአየር ቧንቧዎቹን የሸፈነውን ስስ ፈሳሽ ያጠቃል፤ ሕዋሳቱ ይቆጣሉ፣ ቧንቧው ይጠባል። ሰውየው ያስለዋል፤ በረጅሙ ሲተነፍስ ደረቱን ይወጋዋል። ጤነኛ ጎልማሶች በፈቃዳቸው የመመርመሪያ ክፍል ገብተው ለ6 ሰዓት ተኩል ያህል እየተንቀሳቀሱ ኦዞን ሲተነፍሱ የሳንባቸው አቅም መቀነሱ ተለክቷል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። የሚያታልለው ቀጥሎ ያለው ነው፦ በተከታታይ ቀናት ለኦዞን የተጋለጠ ሰው ሳሉ ይቀንስለታል፣ «ለመድሁት» ይላል፤ ውስጡ ያለው ቁጣ ግን ይቀጥላል። አስም ያለበት ልጅ ቶሎ ይነሣበታል። ከማንም በላይ የሚጋለጠው ከሰዓት በኋላ ደጅ እየለፋ ብዙ አየር የሚስብ ሰው ነው፤ አራሽ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ ከበቅሎው ኋላ ዳገት የሚወጣ፣ ኳስ የሚጫወት ተማሪ።

ነጠላ አፍ ላይ መጣል ለዚህ አይረዳም። ኦዞን ጋዝ ስለሆነ በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ጭንብልም አያስቀረውም።

ሰብልም አይምረውም። ኦዞን በቅጠሉ ቀዳዳዎች ገብቶ ተክሉን ያቀጭጫል። ስንዴና የጥራጥሬ ሰብሎች ሲጎዱ ገብስ ግን ከሁሉም የተሻለ ይቋቋመዋል። ለወገራና ለደባርቅ ገበሬ ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ የደጋው ጌታ ገብስ ነውና።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ8 ሰዓት አማካይ ኦዞን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ማይክሮ ግራም ባይበልጥ ይመከራል። በሌላው አለካክ ከቢሊዮን የአየር ቅንጣት 50 ያህሉ ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ የሚፈቅደው 70 ነው። አሜሪካኖች ከ0 እስከ 500 የሚቆጥሩትና ቀለም የሚቀቡት መለኪያ የተቃኘው በዚህ በራሳቸው ሕግ ስለሆነ፣ ቢጫ የሚባለው ቀን ኦዞኑ በዓለም ጤና ድርጅት ሚዛን ልኩን ያለፈ ነው። ለመሣሪያ ሰዎች አንድ ነገር ላክል፦ ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን ስስ ነው። ባሕር ጠረፍ 100 ማይክሮ ግራም የሚመዝነው ያው ድርሻ እዚህ ሲመዘን ወደ 73 ይወርዳል። ይህን ሳያስተካክል ቁጥር የሚያነብ ሰው አየሩ ከሆነው በላይ ንጹሕ ይመስለዋል። ፀሐዩ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ኦዞን የሚጠምቀው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል።

ታዲያ ስልካችሁ ላይ «ደባርቅ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ማን ለካው? ማንም አልለካውም። ደባርቅ ላይ ኦዞን እየለካ በየሰዓቱ ለሕዝብ የሚያሳውቅ ጣቢያ የለም። ቁጥሩ ከሳተላይትና ከነፋስ ስሌት የሚወጣ ግምት ነው። ከእነዚህ ስሌቶች በሰፊው የሚሠራበት የአውሮፓ ኮፐርኒከስ ምድርን የሚከፍለው እያንዳንዱ ጎኑ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሣጥን ነው። በአንዲት ሣጥን ውስጥ የደባርቅ ከተማ፣ የሳንቃበር አፋፍና ከሊማሊሞ ሥር ያለው ቆላ አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ሊቀመጡ ይችላሉ። ብርዱም ሙቀቱም፣ ጭሱም ንጹሑም ተደባልቆ። ግምቱ ከባዶ ይሻላል፤ ከሱዳንና ከምዕራቡ ቆላ የሚመጣን የበጋ የቃጠሎ ጭስ ወይም የበረሃ አቧራ ከሩቅ ያሳያል። የእናንተን ቀበሌ አየር ግን አያውቅም።

አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ ብዙ አትርቅም። እዚያ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር ጥራት ቁጥር በየሰዓቱ ያወጣ ነበር፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቿ ይህን መረጃ ማሠራጨት አቆመች። በሌላ ሰው ቸርነት የመጣ ቁጥር በሌላ ሰው ውሳኔ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ ልብ የምትሉልኝ ግን የኤምባሲው መሣሪያ ይለካ የነበረው ደቃቅ ብናኝን እንጂ ኦዞንን አለመሆኑን ነው። «ዛሬ አየሩ አረንጓዴ ነው» ሲባል «የምኑ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የዴንቨር ማስጠንቀቂያ «ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ» ይላል። ለዴንቨር ልክ ነው፤ ኦዞን ከግድግዳ፣ ከልብስና ከምንጣፍ ጋር ሲነካካ ስለሚፈርስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከደጁ በብዙ ያንሳል። ይህንኑ ምክር ተርጉመን በሬዲዮ ብንለቀው ግን ምን ይሆናል? ከሰዓት በኋላ ከእርሻ የተመለሰችው እናት ልጇን ይዛ ጎጆዋ ትገባለች፤ በሩን ትዘጋለች፤ ጉልቻው ላይ ኩበትና የባህር ዛፍ ቅጠል እየነደደ ነው። በአገራችን ከአሥር ቤት ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ጭሳም ማድቤት ሲለካ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይገኛል። እናትዬዋን ከእሳቱ አሸሽተን ወደ ረመጡ ጨመርናት ማለት ነው።

ሚዛኑን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም ኦዞን ምክንያት የሆነበት ሞት ወደ 490,000 ሲገመት የማድቤት ጭስ ምክንያት የሆነበት 3.1 ሚሊዮን ያህል ነው። ኦዞን ሰው አይጎዳም እያልሁ አይደለም፤ ስለ ጉዳቱ ስናገር ቆይቻለሁና። ነገር ግን ከትንሹ አደጋ ለመሸሽ ወደ ትልቁ መግባት ሞኝነት ነው። ሁለቱ ደግሞ ዝምድና አላቸው፤ ከጉልቻው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ተናኝ ጋዝ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኝ ለኦዞን ግብዓት ይሆናል።

የእኛ ማስጠንቀቂያ ስለዚህ ሰዓት መለየት አለበት። በበጋ ሌሊት ብርዱ ሲጸና ቀዝቃዛው አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይጫነዋል። ጧት 12 ሰዓት ላይ እሳት ሲቀጣጠል ጭሱ መውጫ ያጣና በየሰፈሩ ይተኛል። ያ ሰዓት የብናኝ እንጂ የኦዞን አይደለም። 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ይነሣል፣ ጭሱም ይበተናል። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ለሳንባ የተሻለው ነው። 8 ሰዓት ሲሆን የኦዞን ተራ ይመጣል፤ ማምሻውን ደግሞ ጭሱ ይመለሳል። የትምህርት ቤት ስፖርት ከቀኑ 9 ሰዓት ከሚሆን ከጧቱ 4 ሰዓት ቢሆን ምንም ወጪ አይጠይቅም። ርእሳነ መምህራን ካላችሁ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። ገበሬው መቼም ከባዱን ሥራ በማለዳ መጨረሱን ከእኔ አይማርም።

ስለ ምድጃ አንድ መራራ ነገር መናገር አለብኝ። የተሻሻለ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ለደን ይጠቅማል፣ ለሴቷም ጉልበት ይተርፋል። ለልጆች የሳንባ ምች ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ባገኙ ቤቶች የሕፃናት የሳንባ ኢንፌክሽን እርግጠኛ በሆነ መጠን ቀንሶ አላገኘም። በማላዊ የተደረገውም ተመሳሳይ ውጤት ነበረው። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ እንጀራው በተሻለው ምድጃ ይጋገራል፤ ወጡ፣ ቡናው፣ የጎረቤቱ እሳት ግን ባለበት ነው። ግማሽ ጭስ ለሕፃን ሳንባ አሁንም ብዙ ጭስ ነው። መብራት በገባበት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባልገባበት ከመኝታው የተለየ ማድቤትና ሰፊ የጭስ መውጫ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ልጅ አዝሎ መጋገር ይቅር። ይህ የምድጃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለአንድ ሰዓት ልጁን የሚይዝ ባል ይበቃል። (ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፤ ባሎችም ሰምታችኋል።)

የተለየ ማስጠንቀቂያ የሚሻው ደግሞ የእሳት ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ታግሏል፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተዋል። ወሬው ሁሉ ስለ ጓሳውና ስለ አስታው፣ ስለ ዋልያውና ስለ ቀይ ቀበሮው ነበር፤ ተገቢም ነበር። እሳት ለማጥፋት ስለወጣው ጎልማሳ ሳንባ ግን ብዙም አልተነገረም። የሰደድ እሳት ጭስ ደቃቅ ብናኝም የኦዞን ግብዓትም ነው፤ እየራቀ ሲሄድ በፀሐይ ይጠመቃል። በቀጣዩ እሳት አጥፊዎቹ በየተራ እንዲለዋወጡ፣ ሳል ያለበት ሰው ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚወስን ሰው አስቀድሞ ቢሰየም ጥሩ ነው።

መሣሪያ ሳይኖረን ምን እንጀምር ትሉኝ ይሆናል። ያለን ነገር ጥቂት አይደለም። የሜቴዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናቡንና የውርጩን ትንበያ ይነግረናል፤ ደመና የሌለበትንና ነፋስ የደከመበትን ቀን መለየት ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለን። ዳባት ውስጥ ደግሞ በአገራችን ጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ ሀብት አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብበት የጥናት ማዕከል። አንድ የኦዞንና አንድ የብናኝ መለኪያ ዳባት ላይ ቢተከሉ ቁጥራቸው ሰው መቼ እንደሞተ ከሚናገር መዝገብ ጋር ይገናኛል። አዲስ አበባ እንኳ እንዲህ ያለ ዕድል በቀላሉ አታገኝም።

የሚገዛው መሣሪያ ግን ይመረጥ። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ የኦዞን መለኪያዎች ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ከኦዞን እያምታቱ፣ በብርድና በእርጥበት እየተለወጡ ያሳስታሉ። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚለካው ውድ ቢሆንም የሚታመን ነው። ሲተከልም ከማድቤት ጭስ ማውጫና ከመኪና መቆሚያ የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይፈልጋል፤ መንገድ ዳር ከተተከለ ትኩሱ የናፍጣ ጭስ ኦዞኑን ስለሚበላው የሐሰት አረንጓዴ ያሳያል።

ማስጠንቀቂያው ራሱ ምን ይምሰል? እኔ ብጽፈው በሬዲዮ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «ነገ በደባርቅና በዳባት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ደካማ ይሆናል። ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ኦዞን ስለሚጨምር ከባድ ሥራና ሩጫ ከዚያ በፊት ይጠናቀቅ። አስም ያለባችሁ የሚነፋውን መድኃኒት ያዙ። ከሰዓት በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም እሳት በሌለበት ቤት ዕረፉ፤ እሳት ወዳለበት ቤት አትግቡ።» ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል። ሬዲዮ ለሌለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ልጅ ላለው ትምህርት ቤቱ ያደርሰዋል። መለኪያው እስኪመጣ ድረስ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ጥርት ያሉ ቀናት በትንበያው ብቻ መጀመር ይቻላል፤ መሣሪያው ሲመጣ ደግሞ ስንቴ ልክ እንደነበርንና ስንቴ በከንቱ እንዳስፈራራን ቆጥሮ ይነግረናል። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ እጃቸውን ካነሡት አባት እንጀምር።